አትግቢ የተባለችበት ቤት

የሻረግ በዚያ ጧት ከመኝታዋ የተነሣችው ለደርበው «እሺ» ልትለው ቆርጣ ነበር።

ይህን ቃል ከፋሲካ ወዲህ ስታወጣው ስታወርደው ከርማለች። ከአዲስ አበባ ስትነሣ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመኛል ብላ ከቶ አላሰበችም። እሷና ጓደኞቿ ቁምስና የሚሉት የአንድ የካቶሊክ አጥቢያ ምእመናን ናቸው እንጂ መነኮሳትም ካህናትም አይደሉም። እሷ ሕፃናትን ፊደል የምታስቆጥር መምህርት ነበረች፤ ታላቃቸው ማሚቱ ደግሞ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ። ድርቁ ላስታን አራቁቶ ዝናቡ በተመለሰበት በሰባ ሰባት ክረምት፣ ቁምስናው «ወደ እርዳታ ጣቢያ መውረድ ያቃተውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያይ ማን ነው?» ብሎ በጎ ፈቃደኛ ሲጠይቅ ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። ገነተ ማርያም አጠገብ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተሰጠቻቸው። በየጧቱ የፋፋ ዱቄቱን፣ ሳሙናውንና ክኒናውን አዝለው በየዳገቱ ይበተናሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ የታመመውን ያጥባሉ፣ አቅም ያነሰውን ያጎርሳሉ፣ ያዘነውን ያጽናናሉ።

መጀመሪያ ሰዉ ፈርቷቸው ነበር። የገነተ ማርያሙ አገልጋይ ቄስ ከፋለ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው «ዱቄታቸውን ተቀበሉ፤ ሃይማኖታቸውን ግን በደጅ ተዉት» ብለው አስጠነቀቁ። ገበሬ ማኅበሩ በበኩሉ ብቻቸውን እንዲዞሩ አልፈቀደም፤ መንገድ የሚመራ፣ የሚናገሩትንም የሚያዳምጥ ሰው መደበባቸው። የተመደበው ደርበው ነበር፤ የቄስ ከፋለ ልጅ።

ደርበው ዝምተኛ ነው። በየቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል እንጂ አይገባም፤ እጅ ሲነሣ እንኳ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። አንድ ቀን የሻረግ አንዲት ሽባ ባልቴት ማንሣት አቅቷት ስትታገል ትንፋሿን ሰምቶ ገባ። ባልቴቷን እንደ ሕፃን አቅፎ አነሣና አጎዛው ተራግፎ እስኪነጠፍ ድረስ ይዟቸው ቆመ። ቀና ሲል ከየሻረግ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤቱ አብሯት ይገባ ጀመር።

ታሪኩን የነገራት የመንደሩ ሰው ነው። ድርቁ በበረታበት ኅዳር ሚስቱ አልጣሽ እርዳታ ይታደላል ተብሎ ሙጃ ከተማ ሄደች። እዚያ የተሰበሰበው ሕዝብ በታጠቁ ሰዎች ተከቦ ወደ ቆላ ሰፈራ ሊወሰድ በመኪና ተጫነ፤ እሷም ከነሆዷ አብራ ተጫነች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። ደርበው ወሬው ደርሶት በሩጫ ቢሄድ ያገኘው የመኪናውን አቧራ ነው። ወራት ቆይቶ ከሰፈራው ያመለጠ አንድ ያገራቸው ሰው መጣና፣ አልጣሽ በንዳድ ወድቃ የሕሙማን ድንኳን ውስጥ እንደገባች፣ ከዚያ ድንኳን ደግሞ በእግሩ የወጣ እንዳላየ ተናገረ። ቄስ ከፋለ ለምራታቸው ፍትሐት ፈቱላት፤ ተዝካሯም ተበላ። ሙት ዓመቷ በየካቲት ሲወጣ የደርበው እናት ቀድመው ሞተው ስለነበር ቤቱ የሴት እጅ አልነበረበትም። ማሚቱና የሻረግ ሊያግዙ ሄዱ። የአልጣሽን የመታሰቢያ ዳቦ ቆርሳ ለሰዉ ያደለችው የሻረግ ናት። ደርበው ከሩቅ ቆሞ እጇን ሲያይ ነበር።

ለዳግማይ ትንሣኤ ከአንድ ሕመምተኛ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆም አለና እንድታገባው ጠየቃት። አባቱን አስቀድሞ ጠይቆ ነበር። ቄስ ከፋለ ብዙ አምጠው፣ ልጅቱ በገነተ ማርያም ሜሮን ተቀብታ ወደ እኛ ከገባች ይሁን፣ አለዚያ ግን ልጄ አይደለህም ብለውታል። ለየሻረግ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አባቷ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከርስታቸው የተነቀሉ ሰው ናቸው፤ «ገባች» ሲባል ቢሰሙ ምን ይሉ? አለቀሰች፣ ጸለየች፣ ከራሷ ጋር ተሟገተች። በመጨረሻ በዚያ ጧት፣ በግንቦት፣ ፊቷን ስትታጠብ ነገሩ ውስጧ ተቆርጦ አገኘችው። እገባለሁ፣ አለች። አባቴን እግዜር ያስረዳልኝ።

ደርበው ያን ቀን እርከን ሥራ ወጥቶ ስለነበር አብሯት አልሄደም። ማታ ማታ ከሚለያዩበት የጽድ ዛፍ ሥር ከሰዓት በኋላ ሊጠብቃት ተቀጣጥረዋል። እሷ ከማሚቱ ተለይታ ብቻዋን ወደ እማማ ብርቅዬ ቤት ዘለቀች።

እማማ ብርቅዬ የአልጣሽ አክስት ናቸው። ደርበው በዚያ ደጅ ሲያልፍ ፊቱ ስለሚጠቁር ከሩቅ ይቀራል፤ የሻረግ ግን ባልቴቷን ትወዳቸዋለች። ገና ከአጥሩ ሳትደርስ «ግቢ የኔ ዓለም» እያሉ የሚቀበሏት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ግን በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙባት።

«ዛሬስ ደኅና ነኝ ልጄ፤ እለፊ። የባሰበት ቤት ሂጂ።»

ከኋላቸው ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው አቃሰተ። የሻረግ ተስቦ የያዘው ሰው ደብቀው ነው ብላ አሰበች፤ ሕመም የሚደብቅ ቤት ብዙ አይታለች። እንደማትፈራ፣ ለማንም እንደማትናገር ነገረቻቸው።

«አትግቢ ልጄ» አሉ ባልቴቷ፣ ድምፃቸው ልመና ሆኖ። «በሞቴ አትግቢ።»

የሻረግ ግን ክንዳቸውን በቀስታ ዝቅ አድርጋ ገባች።

መደቡ ላይ ባና ተከናንባ የምትንቀጠቀጥ ሴት ተኝታለች። ፀጉሯ ተላጭቷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። እግሯ ግን ከሁሉ የከፋ ነበር፤ ቆዳው ተገሽልጦ ሥጋው ወጥቷል። የሻረግ ውኃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ታጥባት ጀመር። ደጋ ላይ እንዲህ ያለ ሕመም አይታ አታውቅም፤ የቆላ ወባ ነው። ከየት እንደመጣች ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ባልቴቷን አየችና፣ ከመተከል ሰፈራ ጠፍታ እንደመጣች ነገረቻት። ጎጃምን አቋርጣ፣ በጌምድርን አቋርጣ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለች እየለመነች በእግሯ ነው የመጣችው። ከተያዘች ይመልሷታል፤ ለዚህ ነው የተደበቀችው።

ማንም አይነካሽም አለቻት የሻረግ። ሴትዮዋ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ከናንተ ጋር የሚዞር ሰው አለ አሉ። ደርበው የሚባል። ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። ታውቂዋለሽ?»

«ባሌ ነው» አለች ሴትዮዋ።

የሻረግ የታጠበውን እግር መልሳ ታጥብ ጀመር፤ ውኃው ደም እስኪመስል ድረስ አጠበችው። ይህች ሴት ሞታለች፤ ሙት ዓመቷ ወጥቷል። ዳቦዋን ቆርሰን የበላነው፣ ነፍስ ይማር ያልነው ለዚህች ለምታየኝ ሴት ነው? ጆሮዋ ውስጥ የሚጮህ ነገር ነበር፤ አልጣሽ የምታወራውን በዚያ ጩኸት መሐል እየተቆራረጠ ሰማችው። ልጇን መተከል ድንኳን ውስጥ ወለደችው፤ ወንድ ነበር፤ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። እስከ ዛሬ ፀጉሯን የምትላጨው ለሱ ነው። እሷ ከንዳዱ ስትነሣ፣ አትድንም ብሎ ተስፋ የቆረጠው ያገሯ ሰው ከሰፈራው ቀድሞ ጠፍቶ ነበር።

«ደርበው መምጣቴን እንዳይሰማ» አለች አልጣሽ። «ልጁን ምን አደረግሽው ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ደግሞስ የከተማ ሴት ሊያገባ ነው ሲሉ አክስቴ ሰምታለች። እኔ ሙት ነኝ፤ ተዝካሬ ተበልቷል። እግሬ ሲድን ወደ እናቴ ወገኖች እሄዳለሁ። ለሱ አልነግርም በይኝ።»

«አልነግርም» አለች የሻረግ። የምትለውን አታውቅም ነበር።

ክኒናውን ሰጥታ፣ ቁስሉን ጠቅልላ ወጣች። ግንቡን ተደግፋ ስትቆም እማማ ብርቅዬ ተከትለዋት ወጡ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«አትግቢ ያልሁሽ ላንች ብየ ነበር» አሏት።

ደርበው ከጽዱ ሥር ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ልብሱን ለውጧል፤ ፊቱን ታጥቧል። ከሩቅ ሲያያት ፈገግ አለ፤ ያቺ ፈገግታ ከየት እንደምትጀምር የሻረግ ታውቃለች፤ ከግራ ዓይኑ ጫፍ ነው የምትጀምረው። ስትቀርበው ግን ፊቷን አየና ፈገግታው ሞተ።

ዛሬ መልስ ልሰጥህ አልችልም አለችው። ምን እንደሆነ ጠየቃት። ምንም አለች። ሰው የተናገራት እንዳለ፣ አባቱ ያስከፏት እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቃት። እሷ ዝም ባለች ቁጥር እሱ ጥፋቱን በራሱ ቤት ፈለገው።

«የሜሮኑ ነገር ነው» አለ በመጨረሻ። «አውቄዋለሁ። እምነትሽን ጣይ ማለት ነውር ነበር። ስሚኝ የሻረግ። አንች አትመጭም፤ እኔ ነኝ የምመጣው። አባቴ ይርገመኝ። አገሩ ይትፋብኝ። እኔ አንድ ጊዜ የምወደውን ሰው ሮጬ ሳልደርስበት ቀርቻለሁ፤ ሁለተኛ አልቀርም።»

የዚያን ቀን ጧት ይህን ብትሰማ በደስታ ትወድቅ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ቃል እንደ ትኩስ ረመጥ ሆነባት። ሮጦ ያልደረሰባት ሴት እዚያ ከዳገቱ ላይ፣ ጪሱ በሚታየው ቤት ውስጥ ተኝታለች። የሻረግ አፏን ከፈተች፤ «አልነግርም» ያለችው ቃል ግን ከለከላት። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ የዘጋት ቃል ኪዳኗ ብቻ አልነበረም። እንዲህ እያየ የሚያናግራት ሰው ከነገ ወዲያ እንዲህ እንደማያያት ገብቷታል። ትንሽ ይቆይልኝ አለች በልቧ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ጥላው ሄደች፤ እሱም አልተከተላትም። በመከፋት ሳይሆን በድንጋጤ ነበር ቆሞ የቀረው።

ለማሚቱ ነገረቻት። ማሚቱ ሰምታ ስትጨርስ፣ የነገሩ ባለቤት ራሷ አትናገሪ ካለች ዝም ማለት ኃጢአት ይሁን አይሁን እንደማታውቅ ተናገረች። «እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አልምልም» አለቻት። የሻረግ ትቆጣኛለች ብላ ነበር የነገረቻት፤ አለመቆጣቷ ይበልጥ አስደነገጣት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወደ እማማ ብርቅዬ ቤት ወጣች። ታጥባታለች፤ ሙቅ ታጠጣታለች፤ ክኒናዋን በእጇ ታጎርሳታለች። አልጣሽ የባሏን ወሬ ትጠይቃት ነበር። ከስቷል? ይስቃል? ጥጃዋን ሸጣት? የሻረግ ትመልስላታለች። ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ሰው ነው፤ ግን የአልጣሽ ደርበው ቀልደኛ፣ ዘፋኝ፣ ለሰርግ የሚጠራ ጎረምሳ ነው። የሻረግ ይህን ሰው አታውቀውም። ሲዘፍን አንድም ቀን አልሰማችውም። ይህም አስቀናት። ምግብ አልወርድ አላት፤ ሌሊቱ አልነጋ አላት።

ደርበው ደግሞ በየመንገዱ ቆሞ ያያታል፤ አይጠጋትም። የተቀየመችው መስሎታል። ዓይኑ «ምን በደልሁሽ?» እያለ ይከተላታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

አንድ ጧት የሻረግ ወባው ተመልሶ አልጣሽ ላይ ከበደ ተብላ በጥድፊያ ሄደች። እማማ ብርቅዬ ውኃ ሊቀዱ ወርደው ነበር። የሻረግ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ አልጣሽ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ባናው እስከ ራሷ ሸፍኗታል። አይንቀሳቀስም። ትንፋሽ የለም።

ሞተች፣ አለች የሻረግ።

ያን ጊዜ ልቧ ውስጥ የሆነውን ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። አላዘነችም። ከደረቷ ላይ ድንጋይ እንደተነሣላት ሁሉ ቅልል አላት፤ እንዲያውም ሰውነቷ ሞቀ። የጽዱ ሥር፣ የደርበው ፊት፣ ያልተሰጠው መልስ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ተመልሶ መጣላት። ማንም አያውቅም፤ ማንንም አልበደልኩ።

ባናው ውስጥ አልጣሽ አሳለችና «መጣሽ እህቴ?» አለች።

የሻረግ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ሰው ልታድን ከአገሯ የወጣች፣ በየቤቱ «እግዚአብሔር ይማርሽ» የምትል ሴት፣ አንዲት ምስኪን ሞተችልኝ ብላ በሆዷ ጨፈረች። ከራሷ የሚያስደነግጣት ነገር ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። በሰው ላይ የደረሰ ስንት ጉድ አይታለች፤ ልጆቹን የቀበረ አባት፣ ጡቷ የደረቀ እናት አይታለች። እንደዚህ የዘገነናት ግን አልነበረም።

ያን ቀን ሥራዋን ሠርታ ወጣች። በማግስቱ አልጣሽ ትኩሳቱ ለቋት ቀና ብላ ጠበቀቻት። የሻረግ ውኃውን አቀረበች፤ እግሯን በእጇ ያዘች፤ ማጠብ ግን አልቻለችም።

«አልጣሽ፣ የምነግርሽ አለኝ» አለች። «አክስትሽ የሰማችው የከተማ ሴት እኔ ነኝ።»

አልጣሽ መጀመሪያ የገባት አይመስልም ነበር። ኋላ እግሯን ከየሻረግ እጅ ቀስ ብላ ሳበች።

«እግሬን የምታጥቢው ለዚህ ነው?»

«ስጀምር አላወቅሁሽም ነበር። ካወቅሁሽ በኋላ ለምን እንደማጥብሽ እኔም አላውቀውም። ትናንት ተሸፍነሽ ሳገኝሽ የሞትሽ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ይህን ሳልነግርሽ ዳግመኛ እጄን ባንቺ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ።»

እማማ ብርቅዬ ከምድጃው አጠገብ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። አልጣሽ የሻረግን አየቻት፤ ፊቷን፣ ፀጉሯን፣ እጆቿን፣ አንድ በአንድ አየቻት። ያን ዓይን መሸሽ ይቻል ነበር፤ የሻረግ አልሸሸችም።

«እኔም መንገድ ላይ ሳለሁ» አለች አልጣሽ በመጨረሻ፣ «አግብቶ ባገኘው ያችን ሴት እግዜር ይንሣት እያልሁ ነበር የምራመድ። ሌላ የሚያራምደኝ ነገር አልነበረም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ይወድሻል?»

«ይወደኛል።»

«አንችስ?»

«እወደዋለሁ።»

አልጣሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ወባው ይሁን ልቅሶው አይታወቅም። እንደዚያው ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች።

«ሂጂ ጥሪው። በሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ባንች አፍ ይስማ። ሁለታችንንም አይቶ ይምረጥ።»

ደርበው እርከኑ ላይ ድንጋይ ሲክብ አገኘችው። ቁልቁል ስትመጣ አይቷት ድንጋዩን እንደያዘ ቆመ። ና፣ የምወስድህ ቦታ አለ አለችው። እሱ ግን ራሷ ፈልጋው መምጣቷ በቃው። እጁን በሱሪው እየጠረገ ተከተላት። እነዚያ ቀኖች ለሱ እንዴት እንዳለፉ፣ ቁምስናዋ ድረስ ሄዶ ካህናቱን ሊያናግር አስቦ እንደነበር፣ መምጣቷን በሕልሙ እንዳየ ነገራት። ዝምተኛው ሰው ያን ቀን አፉ ተፈታ። የሻረግ ከፊት ከፊት እየሄደች ድምፁን ብቻ ሰማችው፤ ዞራ ብታየው መራመድ እንደማትችል ታውቃለች። ልመና በልቧ መጣባት፤ እኔን ይምረጥ የሚል ነው። ጌታዬ፣ አሁንም ይህን እለምናለሁ እንዴ?

የእማማ ብርቅዬ አጥር ሲታይ ርምጃው ዘገየ።

«ወደዚህ ቤት እንደማልገባ ታውቂያለሽ» አላት።

ዞረች። «ደርበው፣ አልጣሽ አልሞተችም። እዚህ ናት።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ ነገሩን ጆሮው እንጂ ፊቱ ገና አልሰማውም ነበር። ቆይቶ እንደ ሞኝ፣ እንደሚከራከር ሰው፣

«እኔ ተዝካሯን አብልቻለሁ» አለ።

«አውቃለሁ። የሙት ዓመቷን ዳቦ ያደልሁት እኔ ነኝ።»

የሻረግን አየ። በሩን አየ። ደም ከፊቱ ሸሽቶ ከንፈሩ አመድ መሰለ። አንድ ርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ የሚሸሽ መሰላት። ወዲያው ግን አጥሩን በጎኑ እየተላተመ፣ በሩን በትከሻው ከፍቶ ገባ።

ከውስጥ የሱ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ «አልጣሽ» አለ። ይህን ስም የሻረግ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ በተዝካር ጸሎት፣ በሰው ወሬ፣ በራሷ አፍም ጠርታዋለች። ትርጉሙን ግን ልብ ያለችው ዛሬ ነው። ሰው በስም ሲማጠን እንዲህ ነው ለካ። ከዚያ የወንድ ልቅሶ መጣ፤ ከሆድ የሚወጣ፣ የማያፍር። ከልቅሶው መሐልም የአልጣሽ ድምፅ፣ የልጁን ነገር እየደጋገመች ስትናገር። «ወንድ ነበር» ትላለች። «አንተን ነበር የሚመስል።»

የሻረግ የት እንደምትቆም ጠፋት። እማማ ብርቅዬ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ፤ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ግማሽ ነጠላቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። ፀሐዩ እስኪዞር ድረስ ሁለቱ እንደዚያው ተቀመጡ። ደርበው አልወጣም።

ቄስ ከፋለ ወሬው ደርሷቸው ከሰዓት በኋላ መጡ። ፍትሐት የፈቱላትን ምራታቸውን በበሩ ቀዳዳ ሲያዩ ሰው ደግፎ አስቀመጣቸው። በማግስቱ ግን ጥምጥማቸውን አስረው ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄዱ። ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም። ሊቀመንበሩ የገዛ ወንድሙ በዚያው ሰፈራ የተወሰደበት ሰው ነበር። ኋላ በሰው ፊት፣ የቄሱ ምራት ከዘመድ ቤት መመለሷን ሰምቻለሁ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ነገሩን ዘጋው። አልጣሽ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ በደርበው ጀርባ ታዝላ ወደ ቤቷ ገባች።

የሻረግ የቀሩትን ክኒናዎች በማሚቱ እጅ ላከችና ሥራዋን በሙጃ በኩል ወዳሉት መንደሮች አዛወረች። ልትሄድ ስትል ደርበው መንገድ ላይ ቆሞ አገኛት። ከስቷል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ማሚቱ ዕቃዋን አንሥታ ወደፊት አለፈች።

«ከዚያች ቀን ጀምሮ ምን ልበልሽ እያልሁ ነበር» አላት። «የምለው አላገኘሁም። ባትነግሪኝ ኖሮ...»

«ባልነግርህ ኖሮ ሦስት ሆነን ነበር የምንኖረው» አለችው። «ሁለት ብቻ የምንመስለው ላንተ ነበር።»

አንገቱን ደፋ። «በልቤ ያለውንስ ምን ላድርገው?»

የሻረግ ልታጽናናው ትችል ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ የምትለው ቃል ሞልቷታል፤ እግዜር ያውቃል፣ ጊዜ ያስረሳል። አንዱም ከአፏ አልወጣም።

«አላውቅም» አለችው። «እኔም ያለኝን ምን እንደማደርገው አላውቅም።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ያን ቀን ሽባዋ ባልቴት ቤት አጎዛ ስታነጥፍ ያያትን ዓይነት አስተያየት ሳይሆን፣ ሰው የሚሰናበተውን አገር የሚያይበትን ዓይነት። እሷም አየችው። ማንም እጁን አልዘረጋም። እሷ አስቀድማ ተራመደች።

ማሚቱን ከዳገቱ አናት ላይ ደረሰችባት። ማሚቱ ታለቅሳለች ብላ ነጠላዋን አዘጋጅታ ስትጠብቅ፣ የሻረግ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ራበኝ አለች። እህል አፏ ላይ ከጣለች ሰንብታለች። ማሚቱ ከጉያዋ የገብስ ቆሎ አውጥታ በእፍኟ ሰጠቻት። የሻረግ ቃመችው። ደግማ ቃመችው። እንዲህ የሚጣፍጥ ቆሎ በልታ አታውቅም። ልቧ እንደዚህ ተሰብሮ ሳለ ጥርሷ እያኘከ፣ ጉሮሮዋ እየዋጠ፣ ሆዷ ጨምሪልኝ እያለ መሆኑ አስደነገጣት። ሰው እንዲህ ነው እንዴ? ብላ ማሚቱን ልትጠይቃት ስትል እንባዋ መጣ። እያለቀሰች ቆሎውን ታኝካለች፤ ከሁለቱ አንዱንም ማቆም አልቻለችም።